ስለ ላምፒ ስኪን ቅይጥ ቫይረስ፦ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ

የላብ ሰው፦ እሺ እንደተባባልነው ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልመልስ ነው። ለማታውቁኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት፣ አሁን ግን ከበረት ይልቅ ላብራቶሪ ውስጥ ከፒሲአር ማሽን (ቫይረስን በዘሩ ከሚለየው) ጋር ነው የምውለው። ርዕሳችን ሪኮምቢኔሽን ነው፣ በተለይ የላምፒ ስኪን (ከብት ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው በሽታ) ቫይረስ ሁለት ስትሬይኖች፣ ማለትም ዓይነቶች፣ ተገናኝተው ከሁለቱም የተቆራረሰ ሦስተኛ ቫይረስ እንዴት እንደሚወጣ። የመኖ ዋጋ፣ የወተት ዋጋ፣ ጊደር መሸጥ መለወጥ አልመልስም። ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው። እና ከመጀመሬ በፊት፣ ከብት ያስከተባችሁ ሰዎች የክትባቱን ባች ቁጥር (ጠርሙሱ ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር) ጻፉ። ይሄን ዛሬ ማታ አሥር ጊዜ ስለምለው ከወዲሁ ልመዱት።

የሱሉልታው፦ ዶክተር እንደምን አመሹ፣ ላሜ አብጣለች ምን ላድርግ?

የላብ ሰው፦ እንደምን አመሸህ። የት ነው ያበጠችው? ስንት ቀኗ ነው? ተከትባለች? "አብጣለች" ብቻ ከሆነ ሆዷም ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ይዘህ ተመለስ።

ሦስተኛ ዓመት፦ ዶክተር የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ሚውቴሽንና ሪኮምቢኔሽን ክፍል ውስጥ ሲነገረን ተምታታብኝ፣ ሪአሶርትመንት የሚባልም አለ። ቢያብራሩልን?

የላብ ሰው፦ ይሄን ነው የምፈልገው። ብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አስብ፣ መጽሐፉ የቫይረሱ ሙሉ የዘር መረጃ (ጂኖም) ነው። ሲገለብጥ ደከመውና "በላ" የሚለውን "ባላ" ብሎ ጻፈው። ይሄ ሚውቴሽን ነው፣ የአንድ ፊደል ስህተት። አሁን ደግሞ አትሮንሱ ላይ ሁለት መጽሐፍ ተዘርግቷል በል፣ አንድ ዓይነት ታሪክ ግን አንዱ የጎንደር ቅጂ አንዱ የሸዋ ቅጂ። ጸሐፊው ከአንዱ ሲገለብጥ ቆይቶ ቀና ብሎ ቀለም ነከረና ሲመለስ ዓይኑ ያው ቃል ያለበት የሌላኛው መጽሐፍ መስመር ላይ አረፈ፣ ሳያውቀው ከዚያ ቀጠለ። አንድም የተሳሳተ ፊደል የለም፣ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው፣ መጽሐፉ ግን ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ያልነበረ መጽሐፍ ነው። ሪኮምቢኔሽን ይሄ ነው። መጽሐፋቸው በአርኤንኤ የተጻፈው ቫይረሶች፣ እነ አፍተግር፣ በብዛት እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሪአሶርትመንት ደግሞ መጽሐፉ በጥራዝ በጥራዝ ተለያይቶ የተቀመጠ ሲሆን ነው፣ ብሉተንግ የሚባለው የከብትና የበግ ቫይረስ አሥር ጥራዝ ነው፣ የሪፍት ቫሊ ፊቨር (የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት) ሦስት ነው፣ ሁለት ቫይረስ አንድ ሴል ከገቡ ጥራዝ ይለዋወጣሉ፣ ውስጡን ሳይነኩት።

ላምፒ ስኪን ከፖክስ፣ ከፈንጣጣ ወገን ነው፣ መጽሐፉ በዲኤንኤ የተጻፈ ነው፣ 151 ሺህ ገደማ ፊደል ያለው አንድ ረጅም ጥቅል። ጥራዝ የለውም። እሱ ጋ የሚሆነው የተቀደደ ብራና እንደመስፋት ነው። ቫይረሱን የሚገለብጠው ኢንዛይም ራሱ የቁራጩን ጫፍ ይበላና አንዱን ክር ያጋልጠዋል፣ የተጋለጠው ክር ተመሳሳይ ፊደል ያለው ሌላ ክር ካገኘ ይጣበቃል፣ ያው ይሰፋል። የቁራጩ ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ ፊደሉ ገጠመ አልገጠመ ብቻ። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የሴሉ እምብርት፣ ኒውክሊየስ ውስጥ ገብቶ አይደለም፣ ፖክስ ከእምብርቱ ውጭ ባለው ሳይቶፕላዝም ላይ የራሱን ድንኳን ጥሎ ነው የሚደግሰው። የሁለት ቫይረስ ድንኳኖች ካልተገናኙ መሰፋፋት የለም። የፖክስ ቫይረሶች እንዲህ እንደሚቀያየጡ ደግሞ የዛሬ ግኝት አይደለም፣ ፌነርና ኮምበን የሚባሉ ሳይንቲስቶች በ1958 ቫክሲኒያ በሚባለው የፖክስ ቫይረስ አሳይተውታል።

የበረት ልጅ፦ አሪፍ ነው። በአማርኛ "ዲቃላ ቫይረስ" ብንለውስ?

እናት ወተት፦ ኧረ በናታችሁ ዲቃላ አትበሉ! እኔ በረት ያሉት ሁሉ ዲቃላ ላሞች ናቸው፣ ነገ ደንበኛ "በሽታው የዲቃላ ነው አሉ" ብሎ ወተቴን ሊተውብኝ ነው።

ገላን፦ ትክክለኛው "ዳግም ውሑድ" ነው።

የበረት ልጅ፦ እሱን ብለህ ለአባቴ አስረዳው እስቲ። ዳግም ትንሣኤ ነው የሚመስለው።

ገላን፦ ቋንቋችንን እንዲህ እያቃለላችሁ ነው እኮ የገደላችሁት።

እናት ወተት፦ ቋንቋው ይደርሳል፣ ወተቴን ነው እኔ የምለው።

የላብ ሰው፦ ቅይጥ በሉት በቃ። ጤፍ ከገብስ ሲቀላቀል ቅይጥ ነው የምንለው፣ ሁሉም ይገባዋል። እንቀጥል።

ኮምቦልቻ፦ ይሄ ቅይጥ የሚባለው የት ነው የተገኘው? መቼ? ወሬ ብቻ ነው የምንሰማው።

የላብ ሰው፦ ወሬ አይደለም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ ምክንያቱም ብዙ ሰው ግማሹን ሰምቶ ነው የሚያወራው። ላምፒ ስኪን የአፍሪካ በሽታ ነበር። መጀመሪያ የተመዘገበው በ1929 ዛምቢያ ነው፣ ያኔ ሰሜን ሮዴዢያ ትባል በነበረው። እኛ አገር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጣና ደቡብ ምዕራብ በኩል ታየ፣ ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲወጣ ዝንብና ትንኝ ሲበዛ መጎብኘቱን አልተወም። ከአፍሪካ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወጣ፣ በ2013 ቱርክ፣ በ2015 ግሪክና ሩሲያ፣ በ2016 ባልካን እና ካዛኪስታን ደረሰ። ሩሲያ ለከብቶቿ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ነበር የምትሰጠው። ጎረቤቷ ካዛኪስታን ግን ኬንያ ውስጥ የተሠራ፣ ኒትሊንግ የሚባለውን የተዳከመ ሕያው የላምፒ ስኪን ስትሬይን የያዘ ነው የተባለ ክትባት ሰጠች። በ2017 ካዛኪስታን ድንበር ላይ ባለችው የሩሲያ ሳራቶቭ ክልል ከብት ታመመ። ቫይረሱን ሲያነቡት፣ አስብ እንግዲህ፣ መደቡ የክትባቱ ነው፣ ኒትሊንግ ነው፣ ግን ከሃያ በላይ ቦታ ላይ የሌላ ስትሬይን ቁራጭ ተሰፍቶበታል። የተጣፈ ልብስ በለው። ክትባቱ የተዳከመው አንዳንድ ጂኖቹ ተበላሽተው ስለነበር ነው፣ የተሰፋበት ቁራጭ ደግሞ የተበላሹትን መልሶ ደፈነለት። ከዚያ በኋላ የተዳከመ የሚባል ነገር የለም፣ ከብት ያሳምማል።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው ያሰበው (እኔም ጭምር) የተከተበች ላም በዱር ቫይረስም (ከክትባት ሳይሆን በተፈጥሮ በሚዛመተው) ተይዛ እሷ ውስጥ ተቀየጡ ብሎ ነው። ቆንጆ ታሪክ ነበር፣ ለመጽሐፍ የሚሆን። በኋላ ግን የቤልጂየም ተመራማሪዎች ክትባቱን ራሱን፣ ቫያሉን (የክትባቱን ጠርሙስ)፣ አንድ በአንድ ፊደሉን አነበቡት፣ በ2022 ወጣ። ኒትሊንግ ብቻ መሆን የነበረበት ቫያል ውስጥ ኒትሊንግ አለ፣ ኬኤስጂፒ የሚባለው ሌላ የክትባት ስትሬይን አለ፣ የፍየል ፈንጣጣም አለ፣ እና ተሰፍተው ያለቁ ቅይጦች በዓይነት በዓይነት አሉ። ማለት ቅያጡ ላሟ ውስጥ ሳይሆን ክትባቱ ሲመረት ቫይረሱ በሚራባበት የሴል ጠርሙስ ውስጥ አልቆ ነው የመጣው። ላሟ ምን አጠፋች? መርፌው ነው የሰጣት። ለዚህ ነው የባች ቁጥር የምለው!

በ2019 ከካዛኪስታን ጋር በሚዋሰነው የቻይና ሺንጂያንግ ገባ፣ በ2020 ታይዋንና ቬትናም፣ በ2021 ታይላንድ። ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያን ያዳረሰው ያ የተጣፈው ቫይረስ ነው። የህንድና የባንግላዴሽ ግን ሌላ ነው፣ እሱ ቅይጥ አይደለም፣ የዱር ስትሬይን ነው። ሁለቱን አታምታቱ፣ ጋዜጠኞቹ እንኳ ያምታታሉ።

እውነት ይውጣ፦ በቃ! ዶክተሩ ራሱ አመነ። ክትባቱ ነው በሽታውን ያመጣው። ይሄን ስንል ስንት ዓመት ተሳቀብን።

የላብ ሰው፦ አላመንኩም፣ አላልኩምም። አንድ የቆሸሸ ምርት ነው ያልኩት። ቆሻሻ ውኃ ጠጥተህ ቢያምህ ውኃ መጥፎ ነው ትላለህ?

እውነት ይውጣ፦ ለምን ታዲያ ለአፍሪካና ለእስያ ብቻ? ነጮቹ ለራሳቸው አይሰጡም።

ከአፉላ፦ ወንድሜ እዚህ እስራኤል ይሰጣሉ እኮ። እኔ ኪቡጽ (የጋራ እርሻ) ውስጥ ላም አልቢ ነኝ፣ በ2012 እና 2013 በሽታው ሲገባ ነበርኩ። መጀመሪያ የበግ ፈንጣጣ ክትባት ሰጡ፣ አሁንም ይታመሙ ነበር፣ ከዚያ ወደ ኒትሊንግ ቀየሩ። አንዳንዷ ትንሽ እባጭ ታወጣለች፣ ወተቷ ጥቂት ቀን ይቀንሳል፣ ከዚያ ደህና።

የላብ ሰው፦ ከአፉላ ያልከው ልክ ነው፣ እዚያው በረት ላይ ሁለቱን አወዳድረው ኒትሊንጉ የበግ ክትባቱን በአሥር እጥፍ መጠን ከተሰጠውም በላይ እንደሚከላከል አሳይተዋል። ባልካንም እንደዚያው፣ ከ2016 ጀምሮ ቡልጋሪያ ሰርቢያ አልባኒያ ሜቄዶንያ ግሪክ በጅምላ ኒትሊንግ ሰጡ፣ ነጮች ናቸው አይደል? በጥቂት ዓመት በሽታውን ከአገራቸው አስወጡት፣ ቅይጥም አልወጣባቸውም፣ ምክንያቱም ቫያሉ ውስጥ የነበረው ቫያሉ ላይ የተጻፈው ነበር። ያው ስትሬይን ነው፣ ልዩነቱ ንጽሕና ነው።

እውነት ይውጣ፦ ኬንያ ነው የተሠራው ስላልክ ነው እኔ...

የላብ ሰው፦ ኬንያንም አትሳደብ። ደስታ በሽታን ከዓለም ያጠፋውን ክትባት ፕላውራይት የሚባል ሳይንቲስት የሠራው ኬንያ ሙጉጋ ነው፣ አያት ቅድመ አያቶቻችን በክፉ ቀን ከብታቸውን የጨረሰባቸውን በሽታ ማለቴ ነው፣ በ2011 ከዓለም ጠፋ ተባለ። ያም ሕያው ክትባት ነበር። ይሄን ክርክር እዚህ ጋ ዘጋሁት።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ሪኮምቢኔሽን ምንድን ነው?

የላብ ሰው፦ ወደ ላይ።

የበረት ልጅ፦ ዶክተር፣ አባ ሰንጋና ላምፒ ስኪን ባንድ ቀን ቢሰጥ ይቀየጣሉ ማለት ነው?

የላብ ሰው፦ አይቀየጡም። አባ ሰንጋ ባክቴሪያ ነው። በሬና ዶሮ ባንድ ግቢ ቢያድሩ ይዋለዳሉ? ለመቀየጥ የቅርብ ዘመድ መሆን አለባቸው፣ አንድ ሴል ውስጥ መግባት አለባቸው፣ ሁለቱም ሕያው መሆን አለባቸው። ሦስቱም ባንዴ። ግን ባንድ ሲሪንጅ አትቀላቅሏቸው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። አንድ ሲሪንጅ አንድ ክትባት። ቦታውም ይለያይ።

ወለጋ ቡና፦ አፍተግርስ? የኛ አካባቢ ብዙ ዓይነት አለ ይባላል፣ ከክትባቱ ጋር ይቀየጣል?

የላብ ሰው፦ እኛ አገር ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 የሚባሉት ዓይነቶች አሉ። እርስ በርሳቸው በደንብ ይቀያየጣሉ፣ በብዛት ግን የቫይረሱን የላይ ሽፋን በሚሠራው ክፍል ላይ ሳይሆን ከሱ ውጭ ባለው። ከክትባቱ ጋር ግን አይሆንም፣ የአፍተግር ክትባት የሞተ ቫይረስ ነው። ሬሳ አይወልድም።

ደብረ ብርሃን ዶሮ፦ የዶሮስ? እኛ በውኃ ሁለት ሦስት ዓይነት ክትባት ነው የምንሰጠው።

የላብ ሰው፦ ስለ ዶሮ ብዙ አልናገርም፣ ሙያዬ አይደለም። ግን አንድ ታሪክ አለ፣ ማለፍ አልችልም። አውስትራሊያ ለዶሮ የጉሮሮ በሽታ፣ ላሪንጎትራኪያይተስ ለሚሉት፣ የራሷ የቆየ ሕያው ክትባት ነበራት። በ2006 የአውሮፓ ስትሬይን የያዘ ሌላ ሕያው ክትባት ገባ። ሁለቱም ለየብቻ ጥሩ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው። አንዱ እርባታ ይሄን ሌላው ያንን ሰጠ፣ ቫይረሶቹ ዶሮ ውስጥ ተገናኙ፣ ሁለት ዓይነት ቅይጥ ወጣ፣ ሁለቱም ከወላጆቻቸው የባሱ። በ2012 "ሳይንስ" በሚባለው መጽሔት ላይ ወጣ። እና ከላይ "ቅያጡ ጠርሙስ ውስጥ ነው የሆነው" ስል እንስሳ ውስጥ አይሆንም ማለቴ አይደለም። ይሆናል። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትም ቻይና ውስጥ ሁለት ጄኖታይፕ (የዘር ዓይነት) ተቀይጦ ወጥቷል፣ በ2023 ተጽፏል። ለዚህ ነው ለአንድ በሽታ ሁለት የተለያየ ሕያው ስትሬይን ባንድ መንጋ ላይ አታፈራርቁ የምለው። ሻጩ ባለው አይደለም፣ አንድ መርጣችሁ እሱኑ።

እናት ወተት፦ ዶክተር የታመመች ላም ወተት ይጠጣል?

የላብ ሰው፦ ላምፒ ስኪን ሰው አይዝም። ወተት አፍሉ፣ ለሌላ ሌላ በሽታ ሲባል። መድኃኒት የተወጋች ከሆነ መድኃኒቱ እስኪወጣ ወተቷን አትሽጪ።

እናት ወተት፦ ቅይጡስ?

የላብ ሰው፦ ቅይጡም አይዝም።

ፍኖተ ሰላም፦ እኛ ጋ እሬትና ነጭ ሽንኩርት ቀብተን እናድናለን፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ነው። ለምን ዝም ተባለ?

ሦስተኛ ዓመት፦ ቫይረስ በሽንኩርት አይድንም ወንድሜ።

ፍኖተ ሰላም፦ አንተ ሦስተኛ ዓመት ነህ፣ አባቴ ሰባ ዓመቱ ነው።

የበረት ልጅ፦ 😂😂

ገላን፦ ባህላዊ ሕክምናን መናቅ ነው እንዲህ ያደረገን።

ሦስተኛ ዓመት፦ ማን ናቀ? እኔ ያልኩት...

የላብ ሰው፦ ቁስሉ ላይ ዝንብ እንዳያርፍ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው፣ በሽታውን ግን አያድንም፣ ለቫይረሱ የኔም ፋርማሲ መድኃኒት የለውም። የምንሰጠው አንቲባዮቲክ ለተመረቀዘው ቁስል ነው። አብዛኛዋ ላም ከበሽታው ትተርፋለች፣ እሬት ብትቀባም ባትቀባም፣ ለዚህ ነው እሬቱ ያዳናት የሚመስለው። ቆዳዋ ግን ይበላሻል፣ ፋብሪካ አይወስደውም። ቀጣይ።

ላብ ቴክኒሻን፦ ዶክተር፣ እኛ ጋ ፒሲአር የምንሠራው የክትባት ነው ወይስ የዱር ነው ብሎ በሚለየው ኪት ነው። ቅይጥ ቢመጣ ምን ያሳየናል?

የላብ ሰው፦ ዛሬ ማታ ከተጠየቅኩት ሁሉ ምርጡ። ይሄ ኪት የሚያየው አንድ ቦታ ነው፣ ከ151 ሺህ ፊደል ውስጥ አንዲት ቁራጭ መስመር። ያቺ መስመር የክትባቱን ከመሰለች "ክትባት" ይልሃል፣ የዱሩን ከመሰለች "ዱር" ይልሃል። ቅይጡ ግን እዚህ ጋ ክትባት እዚያ ጋ ዱር ነው። ስለዚህ አንዱ ላብ በአንዱ ጂን ሠርቶ "የክትባት ምላሽ ነው አትደንግጡ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ላብ ያንኑ ናሙና በሌላ ጂን ሠርቶ "የዱር ቫይረስ ነው" ይላል፣ ገበሬው መሀል ቆሞ ሁለታችንንም ይታዘበናል። ሁለቱም ላብ አልተሳሳተም እኮ። አንድ ገጽ አንብቦ መጽሐፉ የጎንደር ቅጂ ነው እንደማለት ነው።

ምን ታደርጋለህ፣ ቢያንስ ርቀው ያሉ ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ሥራ። ውጤታቸው ከተጋጨ ያ ግጭት ራሱ ውጤት ነው፣ "ኮንታሚኔሽን (ብክለት) ነው" ብለህ አትጣለው። በእርግጥ ተከትባ ወዲያው በዱር ቫይረስ የተያዘች ላምም ሁለቱን ታሳያለች፣ ስለዚህ መጨረሻው ሙሉ ጂኖሙን ማንበብ ነው። ናሙና ስትወስድ እባጩ ላይ ያለውን ደረቅ ቅርፊት ውሰድ፣ ቫይረሱ ቅርፊት ውስጥ ከወር በላይ ይቆያል። ደም ብቻ ይዘህ አትምጣ፣ ደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው።

ላብ ቴክኒሻን፦ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ የጣልነው አለ መሰለኝ...

የላብ ሰው፦ ፍሪዘር ፈትሽ።

ኮምቦልቻ፦ ቅይጡ እኛ ጋ ቢመጣ በምን እንለየዋለን? እባጩ ይበልጣል?

የላብ ሰው፦ በዓይን አይለይም። እባጭ እባጭ ነው። በሩሲያ በተደረገ ሙከራ የሳራቶቩ ቫይረስ ነፍሳት በሌሉበት በረት ከታመመው ወደ ጤነኛው ተላልፏል፣ ስለዚህ "ብርድ ነው፣ ዝንብ የለም፣ አያሳስብም" የሚለውን እርሱት፣ የታመመችውን ለይታችሁ እሰሩ። ከዚህ ውጭ ምልክቱን እያየ "ይሄ የእስያው ነው" የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው።

ዲላ፦ ኮርማ ተውሼ ነው የማስጠቃው፣ ችግር አለው?

የላብ ሰው፦ አለው። ቫይረሱ በዘር ፈሳሽ ይወጣል፣ ኮርማው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት። ታሞ የነበረ ኮርማ አትዋስ።

ገላን፦ እኛስ የምንሰጠው ክትባት? ከላይ ኬኤስጂፒ ያልከው እኛ አገር የሚሰጠው አይደለም እንዴ? ለምን ዘለልከው?

የላብ ሰው፦ አልዘለልኩም፣ ሰው እሬት ሲጨቃጨቅ ነው። ኬኤስጂፒ ማለት የኬንያ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ማለት ነው፣ ኬንያ ውስጥ ከበግና ከፍየል ነው የተገኘው፣ ስሙም ከዚያ ነው። ለዓመታት አንድ ክትባት ለበግም ለፍየልም ለላምም ተብሎ ተሰጠ፣ እኛም ኦ-180 የሚባለውን ቢሾፍቱ አምርተን ሰጠን። በኋላ ጂኑ ሲነበብ የበግም የፍየልም አይደለም፣ ራሱ የላምፒ ስኪን ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። በግ ለብሶ የኖረ ላም በለው። የኛውን ኦ-180 የመረመረው ጥናት በ2015 ነው የታተመው፣ በዚያው ዓመት ደግሞ እዚሁ አገር በተደረገ ሙከራ ጎርጋን የሚባለው የፍየል ፈንጣጣ ስትሬይን ላሞችን ሲከላከል ኦ-180ው አልተከላከለም። "አስከትቤ ታመመችብኝ" ሲሉ የነበሩ ገበሬዎችን ስንቶቻችን "አያያዛችሁ ነው" ብለን መልሰናል፣ እኔም ብያለሁ። ልክ አልነበርኩም።

ከሪኮምቢኔሽን ጋ የሚያገናኘው ምንድን ነው? ስም ነው። ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ስምና ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቫይረስ አንድ መሆኑን ማን አየ? የካዛኪስታኑ ጉድ የመጣው ከዚህ ነው። የሚገርመው ደግሞ ይሄን የሚያይ ተቋም ደጃችን ላይ ነው ያለው፣ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ ቢሾፍቱ ነው የተቀመጠው፣ ሥራው ከአምራቹ ነፃ ሆኖ ክትባት መፈተሽ ነው። አንድ ባች ንጹሕ ነው ያለችው ፋብሪካዋ ራሷ ብቻ ከሆነች አይበቃኝም። የሙሽራዋን ውበት እናቷን ጠይቀህ ነው እንዴ የምታገባው?

እናት ወተት፦ 😂 ዶክተር እንዲህ ጨዋታ ያውቃሉ?

ነጋዴው፦ ከጎረቤት አገር የመጣ ርካሽ የላምፒ ክትባት አለ፣ በአይስ ቦክስ፣ የፈለገ በውስጥ ያናግረኝ።

የላብ ሰው፦ ይሄ ሰው ይውጣልኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ሳወራ ነበር?! ምንጩን የማታውቁትን ክትባት አታስወጉ። የተበጠበጠ ክትባት ለነገ አይቀመጥም። አንድ መርፌ ለመንደሩ ሁሉ አይሆንም፣ በሽታ ባለበት አካባቢ በየላሟ ቀይሩ፣ አለዚያ ዝንቡን ሥራ ፈት እያደረጋችሁት ነው። ባች ቁጥር ጻፉ።

አዲስ ገቢ፦ ዶክተር ወደ ላይ አየሁ ብዙ ነው፣ ባጭሩ ሪኮምቢኔሽን ምንድን ነው?

የላብ ሰው፦ ወደ ላይ!

የሱሉልታው፦ ተመለስኩ ዶክተር። የፈረንጅ ላም ናት፣ ሁለተኛ ወልዳ። ካስከተብኳት በስድስተኛው ቀን ነው፣ አንገቷና ጎኗ ላይ እባጭ እባጭ አወጣች፣ ትኩሳት አላት፣ ወተቷ በግማሽ ወረደ። ጎረቤቴ በኔ ቀን ያስከተበው ምንም አልሆነበትም። ቅይጡ ይሆን?

የላብ ሰው፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሦስት ነገር ነው የማስበው። አንደኛ፣ ስትከተብ በሽታው ውስጧ ነበር፣ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያወጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ ክትባቱ ደግሞ በደንብ እስኪከላከል ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እኔ ብወራረድ በዚህ ነው የምወራረደው። ሁለተኛ፣ የክትባቱ የራሱ ምላሽ፣ ብዙ ወተት የሚሰጡ የፈረንጅ ላሞች ላይ ይታያል፣ እባጩ ግን ትንንሽና ላይ ላዩን ነው፣ ቶሎ ይጠፋል። ያንተዋ በጣቶችህ ስትይዘው ሥር ድረስ ድንጋይ የመሰለ ነው?

የሱሉልታው፦ አዎ ድንጋይ ነው። የትንሽ ሎሚ ያክላል።

የላብ ሰው፦ እንግዲያው አንደኛው ነው የሚመስለኝ። ሦስተኛው ቫያሉ ውስጥ ችግር መኖሩ ነው፣ በመጨረሻ የሚታሰብ ነው ግን ይታሰባል፣ የሚጣራው ደግሞ በአንድ ነገር ብቻ ነው። ለይተህ እሰራት፣ የወረዳህን የእንስሳት ሐኪም ነገ ጠዋት ጥራ፣ ቅርፊት ናሙና ይውሰድ። ባች ቁጥሩ ስንት ነው?

የሱሉልታው፦ ቫያሉን ጣልኩት።

የላብ ሰው፦ የት?

የሱሉልታው፦ ጉድጓዱ ውስጥ። ቆይ በባትሪ ልየው።

የበረት ልጅ፦ ማታ በሦስት ሰዓት ቆሻሻ ጉድጓድ 😂 ዶክተር ምን አደረጉት።

የሱሉልታው፦ አገኘሁት! ግን ቁጥሩ ላይ በማርከር "12 ላም" ተብሎ ተጽፎበታል፣ አይነበብም።

የላብ ሰው፦ ጓንት አድርግ መጀመሪያ። ጥጥ ላይ አልኮል አድርገህ ቀስ ብለህ ጥረገው። ቀስ።

የሱሉልታው፦ ማርከሩ ወጣ።

የላብ ሰው፦ እሺ ቁጥሩ?

የሱሉልታው፦ ቁጥሩም አብሮ ወጣ።

የላብ ሰው፦ ወይኔ። የጎረቤትህ ያው ቀን ነው አይደል የተከተበው? ያው ሐኪም ነው? ካርቶኑ ላይም አለ፣ ክሊኒኩ መዝገብ ላይም መኖር አለበት፣ ጠዋት ሁለቱንም ጠይቅና እዚሁ ጻፍልኝ። እኔ ልተኛ ነው፣ አዲስ ገቢ ደግሞ ወደ ላይ።